የገንዘብ ማተሚያ ቤትና የሕዝብ አመኔታ

ገንዘብ ያጠረው ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ሲል እንሰማለን፤ እኛም የመንግሥት ሠራተኞች የወሩ ደመወዝ ሳይደርስ ኪሳችን ሲራቆት ይህንኑ ቃል እንደጋግመዋለን። ነገር ግን ቤሳ ምን እንደ ነበረ፥ ማን እንዳሳተመው፥ ስንቱ ቤሳ አንድ ብር ይሆን እንደ ነበረ ብንጠየቅ አጥርተን የምንመልስ ጥቂቶች ነን። ቤሳ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የታተመ ትንሽ የመዳብ ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ ከገበያ ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ስሙ ከአንደበታችን አልወጣም። እንዲሁም ሃምሳውን ሳንቲም «ሽልንግ» ማለታችን፥ ከነጻነት በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአገራችን ሲዘዋወር ከነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ የቀረ ልማድ ነው። ከዚህ የምንረዳው ሕዝብ አንድን ገንዘብ አንድ ጊዜ ከለመደና ካመነበት ብረቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ስሙን እንደማይጥለው ነው።

በዛሬው ንግግራችን በአገራችን ስለ ነበረው የሳንቲም ማተሚያ ሥራ ታሪክ በአጭሩ እናወሳለን። ስለ ነገሥታቱ መልክና ስለ ማኅተማቸው ብቻ ግን አይደለም። ገንዘብን የሚያትመው መንግሥት መሆኑ የታወቀ ነው፤ የታተመውን ብረት በእርግጥ ገንዘብ የሚያደርገው ግን በእጁ የሚቀበለው ሰው ነው። የኢትዮጵያ የገንዘብ ታሪክ ለዚህ ነገር ከብዙ አገሮች ታሪክ ይልቅ ግልጽ የሆነ ምስክር ይሰጣል።

መነሻችን አክሱም ነው። ከጌታችን ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ገንዘብ አሳተመ። በዚያን ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ የሚያትሙ መንግሥታት እንደ ሮምና እንደ ፋርስ ያሉ ጥቂቶች ነበሩ። በአክሱም ገንዘብ ላይ የንጉሡ መልክ በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ተቀርጾ ይታያል፤ የአገሪቱ ሀብት ከእርሻዋ እንደ ሆነ ያመለክታልና ይህ ሥዕል ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ከቀድሞው የጨረቃና የክበብ ምልክት ፈንታ መስቀል እንዲቀረጽ አደረገ። በወርቁ ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው የጽርእ ቋንቋ ነበር፤ ወርቁ ባሕር ተሻግሮ ከውጭ ነጋዴዎች ጋር የሚገናኝ ነበርና። በአገር ውስጥ ገበያ በሚዘዋወረው በብሩና በነሐሱ ላይ ግን እያደር ግእዝ ተጻፈ።

ከእነዚህ ጽሑፎች መካከል አንዱ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። በብዙ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በጽርእ የተጻፈው ቃል ትርጓሜው «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ማለት ነው። ኋላም በንጉሥ አርማሕ ሳንቲም ላይ «ደስታ ለሕዝቦች ይሁን» የሚል ትርጓሜ ያለው ቃል በግእዝ ተቀርጿል። ንጉሡ ስሙንና ግርማውን ማስጻፉ የማንኛውም ንጉሥ ልማድ ነው። በትንሹ የነሐስ ሳንቲም፥ ይኸውም በድኻው እጅ በሚገባው ላይ፥ ሕዝብ ደስ እንዲሰኝ የሚለምን ቃል ማስቀረጹ ግን ገንዘብ የተቀባዩን ፈቃድ እንደሚሻ የተረዳ መንግሥት እንደ ነበረ ያስረዳል። ሆኖም ዘመን እየገፋ ሲሄድ የወርቁ ጥራት እየቀነሰ መጣ፤ የባሕሩም ንግድ ከእጅ ወጣ፤ በ7ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ገንዘብ መታተሙ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ነገሥታት የራሳቸውን ገንዘብ አላሳተሙም። በሐረር ብቻ አሚሮች መሐለቅ የሚባል ትንሽ ሳንቲም ያሳትሙ ነበር። በቀረው አገር መገበያያው አሞሌ ጨው፥ የብረት ቁራጭ፥ የጥጥ ሸማ፥ በኋላም ጥይት ነበር። አሞሌው ከአፋር ምድረ በዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይወጣ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል። ነገር ግን ዝናብ ያሟሟዋል፥ መንገድ ይሰብረዋል። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የማይሟሟና የማይሰበር ብር በመጣ ጊዜ ነጋዴው በደስታ ቢቀበለው አያስደንቅም።

ያም ብር አባቶቻችን «ጠገራ ብር» ሲሉት የኖሩት የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞቱት በ1780 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፥ ብሩ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ዓመት ቢታተም የሚጻፍበት ያው 1780 ነበር። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ከሺው 833 እጅ ንጹሕ ብር ነው። የአገራችን ሰው ይህን ብር ሲቀበል የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥራል፥ በትከሻዋ ላይ ያለውን ፈርጥ ይመረምራል፥ ያረጀውንና የደበዘዘውን ይመልሳል። የውጭ አገር መንገደኞች ይህን አይተው ግትርነት አድርገው ጽፈውታል። ነገሩ ግን ግትርነት አልነበረም። ገንዘቡ የሌላ አገር ስለ ሆነ የሚከሰስበት ዳኛ፥ የሚጠየቅበት መንግሥት አልነበረም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ገበያተኛ የራሱ መርማሪ መሆን ግድ ሆነበት።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ሁኔታ ለመለወጥ ቆርጠው ተነሡ። በየካቲት ወር 1885 ዓ. ም. ለአገሪቱ የራሷ ገንዘብ እንዲቆም አዋጅ አወጡ። ገንዘቡም በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ታተመ። በአንዱ ገጽ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ከነዘውዳቸው፥ በሁለተኛው ገጽ ሰንደቅ የያዘ አንበሳ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ከሚለው ቃል ጋር ተቀርጿል። ከሙሉው ብር በታች አላድ የተባለው ግማሽ፥ ሩብና ተሙን፥ ከዚያም ግርሽ ወይም በሕዝቡ አነጋገር መሐለቅ፥ በመጨረሻም የመዳቡ ሳንቲም ነበሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲመዝን እንለምናለን። የምኒልክ ብር ክብደቱ 28.075 ግራም፥ ጥራቱ ከሺው 835 እጅ ነበር። ሒሳቡን ብንሠራው በአንዱ የምኒልክ ብር ውስጥ 23.44 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ሲገኝ፥ በማርያ ቴሬዛው ውስጥ ያለው 23.38 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ የአገሩ ብር ከባዕዱ ብር በጥቂቱም ቢሆን ይበልጥ ነበር እንጂ አያንስም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝባቸውን በክብደት አላታለሉም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ግን አዲሱ ብር በአዲስ አበባ፥ በሐረርና በዋናው የንግድ መንገድ ካልሆነ በቀር በሰፊው አልተዘዋወረም፤ በተለይ በሰሜኑ ክፍል ነጋዴው ጠገራውን እየመረጠ አዲሱን ይመልስ ነበር።

ይህ ስለ ምን ሆነ? አንደኛ፥ ቁጥሩ ከጠገራው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር፤ አንድ ሰው በአንዱ ገበያ የተቀበለውን ገንዘብ በሌላው ገበያ የሚቀበለው ማግኘቱን ካላረጋገጠ አይደፍርም። ሁለተኛ፥ ጠገራው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዐረብ አገርም ይሠራ ነበር፤ ቡናና ቆዳ ይዞ ወደ ወደብ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ በዚያ የማይታወቅ ብር ምን ያደርግለታል? ሦስተኛ፥ አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፥ ልማድ ግን የሦስትና የአራት ትውልድ ሥራ ነው። ንጹሑ ብር ለአመኔታ መሠረት ሆነ እንጂ ብቻውን ቤቱን አልሠራም።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በ1895 ዓ. ም. ገደማ በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥቱ ግቢ የገንዘብ ማተሚያ መኪና አስተከሉ። በዚያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ገና አዲስ አበባ ስላልደረሰ ከባድ መሣሪያ ወደ ሸዋ ደጋ ማውጣት ምን ያህል ድካም እንደ ነበረ ለማንም ግልጽ ነው።

የሳንቲም ማተሚያ ቤት ሥራ እንዴት እንደሚከናወን በጥቂቱ እንመልከት። አስቀድሞ ማዕድኑ በብርቱ እሳት ይቀልጣል። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለ ሆነ እንዳያልቅ ጥቂት መዳብ ይቀላቀልበታል፤ ልኩም ከተወሰነው እንዳያልፍ ናሙና ተወስዶ ይፈተናል። ከዚያ የቀለጠው በቅርጽ ፈስሶ ይረጋና በሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል እየተዳመጠ ቀጭን ዝርግ ይሆናል። ከዝርጉ ክብ ክብ እየተደረገ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ዳግመኛ በእሳት ለስልሶ ይታጠባል። በመጨረሻ ምስሉ በግልባጭ በተቀረጸባቸው በሁለት ጠንካራ የብረት ማኅተሞች መካከል ገብቶ በከባድ ኀይል ሲመታ ሁለቱም ገጾች በአንድ ጊዜ ይታተማሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ መዛኝና ቈጣሪ አለ፤ የጐደለው ተመልሶ ይቀልጣል። የማተሚያው ቤት ልብ ያለው በመዶሻው ሳይሆን በዚህ በሚዛኑ ላይ ነው። አንድ መዛኝ ዐይኑን ቢጨፍን መኪናው ሁሉ የሐሰት መሣሪያ ይሆናልና።

በአዲስ አበባ የተተከለው መኪና እጅግ የጠቀመው በትንንሹ ሳንቲም በኩል ነው። ሕዝቡ ትልቁን የምኒልክ ብር ቢመልስም መሐለቁንና ቤሳውን ወደደ። ምክንያቱም ጠገራው ለዝርዝር የማይመች ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ አንዲት ሴት በርበሬና ጨው ለመግዛት ብትወጣ ጠገራውን በምን ትመነዝረዋለች? በአሞሌ ወይም በጥይት መመንዘር ነበረባት፤ የነዚያም ዋጋ ከገበያ ገበያ ይለያያል። መሐለቅ በመጣ ጊዜ ይህ ችግር ቀለለ። ሕዝቡ አዲሱን ገንዘብ የተቀበለው በአዋጁ ግርማ ሳይሆን ችግሩን ባቃለለለት ቦታ ላይ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ትምህርት የሚሆን ሒሳብ አለ። መሐለቅ 1.4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ መጀመሪያ 20ው አንድ ብር ሲሆን የ20ው ክብደት ከአንዱ ብር ክብደት ጋር ይተካከል ነበር። ኋላ ግን 16 መሐለቅ ወይም 32 ቤሳ አንድ ብር እንዲሆን ተደረገ። የ16 መሐለቅ ክብደት 22 ግራም ተኩል ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መሐለቅ ከብረቱ ዋጋ በላይ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ገበያተኛውም ሳያጕረመርም ተቀበለው። ጠገራውን በዕንቁ ቈጥሮ የሚቀበል ሕዝብ በትንሹ ሳንቲም ላይ ለመንግሥቱ ቃል የመጀመሪያውን እምነት ሰጠ። ዛሬ የምንይዘው ወረቀትና ሳንቲም ሁሉ የቆመው በዚህ ዓይነት እምነት ላይ ነው።

በየካቲት 1898 ዓ. ም. የአቢሲንያ ባንክ ሲከፈት ገንዘብ የማውጣት መብት ለእርሱ ተሰጠ፤ ባንኩ ግን በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የቆመ የውጭ ባለሀብቶች ድርጅት ነበር። በ1923 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ባንኩን ገዝተው በኢትዮጵያ ባንክ ተኩት። በዚያው ዓመት ብሩ በመቶ ተከፍሎ፥ «መቶኛ» የሚባሉ የመዳብና የኒኬል ሳንቲሞች ወጡ፤ በመቶ የመቍጠሩም ሥርዓት ከዚያ ጀመረ።

ነገር ግን ትልቁ የገበያ ብር አሁንም ጠገራው ነበር፤ የዚህም ጕዳት በክፉ ቀን ታየ። በሐምሌ ወር 1927 ዓ. ም. ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፥ የማርያ ቴሬዛን ብር ማኅተም ከኦስትሪያ መንግሥት ለ25 ዓመት ተቀበለች፤ ብሩንም በሮም ማተም ጀመረች። ጦርነቱ የተከፈተው በመስከረም 1928 ነው። ጠላት በኢትዮጵያ ምድር ስንቅ የሚገዛበትንና ሰው የሚያባብልበትን ገንዘብ፥ ራሱ ሕዝቡ በሚያምነው መልክ በገዛ መኪናው አተመ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ለንደን፥ ፓሪስና ብራስልስም ያንኑ ብር አተሙ። የገንዘቡ ማኅተም በሌላ እጅ ያለ አገር የገበያው በር በሌላ እጅ እንዳለ ይቈጠራል። ወራሪው በኋላ ሊሬውን ሊያስለምድ ቢሞክርም ሕዝቡ ወረቀቱን በጥርጣሬ እያየ ጠገራውን መረጠ። ኀይል ያለው ሁሉ አመኔታን እንደማያገኝ ይህ ሁለተኛ ምስክር ነው።

ከነጻነት በኋላ በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ. ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሕግ ቆመ። በዚህ ጊዜ የገንዘቡ መሪዎች ከአለፈው ታሪክ ተምረው ነበር። ብሩ ወረቀት ቢሆንም ሃምሳው ሳንቲም ከእውነተኛ ብር እንዲሠራ አደረጉ፤ ብር መጨበጥ የለመደ ባላገር ወረቀቱን እንዳይሸሽ በእጁ የሚመዝነው ነገር ተሰጠው። ሳንቲሙ የታተመው በአሜሪካ በፊላደልፊያ ነው። ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ያሉት ከመዳብ ተሠሩ። ሆኖም የሃያ አምስቱ ሳንቲም ስፋት ከሃምሳው ጋር የተቀራረበ ስለ ነበር፥ ብር መሳይ ቀለም ቢቀቡት ያልጠረጠረውን ሰው ለማታለል የሚመች ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ክቡ ተሰብስቦ በ1944 እና በ1945 ዓ. ም. ዙሪያው እንደ አበባ ቅጠል የተቀነጠበው ሃያ አምስት ሳንቲም ወጣ። ዐይነ ስውርም ቢሆን፥ በጨለማ የሚቀበልም ቢሆን፥ በጣቱ ዳስሶ ይለየዋል። ጉድለቱን አይቶ ሳያፍር ያረመ መሥሪያ ቤት ከማይሳሳት መሥሪያ ቤት ይልቅ አመኔታን ያተርፋል፤ የማይሳሳት መሥሪያ ቤት የለምና።

በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ የተጻፈው ዓመት 1936 ነው፤ ሳንቲሞቹ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲታተሙ ይህ ቍጥር አልተለወጠም። ማርያ ቴሬዛ ለዘላለም በ1780 እንደ ቆመች ሁሉ የኛም ሳንቲም በ1936 ቆመ፤ ሰው የለመደውን እንዳይጠራጠር ማድረግ የማተሚያ ቤት የቆየ ጥበብ ነው። በ1956 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥራውን ጀምሮ ገንዘብ የማውጣቱን ኀላፊነት ተረከበ። ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ 1969 ዓ. ም. የተጻፈባቸው ሳንቲሞች ወጡ፤ በንጉሡ መልክ ፈንታ የአንበሳ ራስ፥ በሌላው ገጽ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬና ሌሎች ሥዕሎች ተቀረጹባቸው። በአክሱም ሳንቲም ላይ የነበረው የእርሻ ነገር ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። በ2002 ዓ. ም. የተጻፈበት የአንድ ብር ሳንቲም ደግሞ በሁለት ቀለም ብረት ተሠርቶ፥ ሚዛን ተቀርጾበታል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ በዚህ ሳንቲም ውስጥ ብርም ወርቅም የለም። ነገር ግን በኮልፌ ቀራንዮ አጠና ተራ እንጨት የሚሸጠው ሰው፥ ከዚያው ሰፈር ወደ መርካቶ በሚሄደው ታክሲ ሒሳብ የሚሰበስበው ረዳት ሳይመዝኑና ዕንቁ ሳይቈጥሩ ይቀበሉታል። አያቶቻቸው ንጹሑን የምኒልክ ብር ገልብጠው አይተው መልሰውት ነበር። በዚህ መካከል የተለወጠው ብረቱ ሳይሆን በሕዝቡና በመንግሥቱ መካከል ያለው ውል ነው። ያ ውል አንድ መቶ ዓመት ፈጅቶ የተሠራ ሲሆን፥ ከምኒልክ ብር ዕጣ እንዳየነው በአዋጅ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ከአክሱምም ወርቅ እንዳየነው ጥራቱ ሲጐድል የሚያልቅ ነው።

ይህ ነገር ስለ ገንዘብ ብቻ የተነገረ አይምሰለን። በየመሥሪያ ቤታችን የምናትመው ማኅተም፥ የምንፈርመው ደረሰኝ፥ ለባለጉዳይ የምንሰጠው የቀጠሮ ቃል ሁሉ እንደ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ነው። ቃላችን ክብደቱን ከጠበቀ ባለጉዳዩ ሳይመረምር ይቀበለዋል፤ ከጐደለ ግን እንደ ጠገራው ዘመን ገበያተኛ ዕንቁውን መቍጠር፥ አማላጅ መፈለግ፥ ምስክር መጥራት ይጀምራል። የማተሚያው ቤት መዛኝ በየቀኑ ዐይኑን ገልጦ እንዲቆም ይገባው እንደ ነበረ ሁሉ፥ እኛም በየጠረጴዛችን መዛኞች መሆናችንን ብናስብ ከአክሱም የወረስነው «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚለው ቃል በኛም ሥራ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ይሆናል።